ስድስቱ እንዴት ሃያ ሰባት ሆኑ

በ1957 ዓ.ም. (የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) ፈረንሳይ፥ ምዕራብ ጀርመን፥ ኢጣሊያ፥ ቤልጅግ፥ ሆላንድና ሉክሰምቡርግ በሮማ ውል ተፈራርመው የአውሮፓን የኢኮኖሚ ማኅበር አቆሙ። ይህም ዛሬ 27 አባሎች ላሉት ለአውሮፓ ኅብረት መሠረት ሆነ። ቁጥሩ እንዴት እንደ በዛ ስንመረምር፥ ከገበያው ስፋት ይልቅ የበሩን አጠባበቅ መመልከት እንደሚገባ ተረዳን፤ ይኸውም አዲስ አገር የሚገባው ነባሮቹ ሁሉ ሲስማሙ ብቻ ስለ ሆነ፥ የአንዱ እንቢታ በሩን ይዘጋዋል።

እንግሊዝ ይህን በሚገባ ቀምሳዋለች። ዤኔራል ደጎል በ1963 ዓ.ም. ከለከሏት፤ በ1967 ዓ.ም. ደገሙት። የገባችው እርሳቸው ሥልጣን ከለቀቁ በኋላ፥ በ1973 ዓ.ም. ከአየርላንድና ከዴንማርክ ጋር ነው። (ያን ያህል ደጅ ከጠናች በኋላ፥ በ2020 ዓ.ም. በሕዝቧ ድምፅ ወጣች!) ኖርዌይ ግን በሩ ተከፍቶላት ሳለ ሕዝቧ በ1972ም በ1994ም ዓ.ም. አልፈልግም አለ።

የግሪክ ነገር የተለየ ነው። የወታደሮች አገዛዝ በ1974 ዓ.ም. ከወደቀ በኋላ ልግባ ስትል፥ የማኅበሩ ኮሚሲዮን ኢኮኖሚዋ ገና ነውና ትቆይ ብሎ መከረ። ሚኒስትሮቹ ግን ዴሞክራሲዋ እንዲጸና ሲሉ ምክሩን አልተቀበሉም፤ በ1981 ዓ.ም. ገባች። እዚህ ላይ ፖለቲካው ሒሳቡን በልጦታል እንላለን። ስፔንና ፖርቱጋል በ1986 ዓ.ም. ተከተሉ፤ በ2004 ዓ.ም. አሥር አገሮች ባንድ ቀን ገቡ።

ይህችው ግሪክ ግን በኋላ መቄዶንያ ስሟን ካልለወጠች አታልፍም አለች። በ2019 ዓ.ም. ስሟ «ሰሜን መቄዶንያ» ተባለ። በዓመቱ ደግሞ ቡልጋሪያ ስለ ቋንቋና ስለ ታሪክ ተከራክራ አገደቻት፤ ቡልጋሪያ ራሷ የገባችው በ2007 ዓ.ም. ነበር።