በሌላው ስም የሚዘረጋ እጅ፦ ርዳታን ፊት ለፊት የማሰባሰብ ሥርዓትና የምእመናን ድርሻ

ጌታችን መድኃኔዓለም በተራራው ስብከቱ ምጽዋትን ከጸሎትና ከጾም ጋር አያይዞ አስተምሮናል (ማቴ. 6፥1-18)። ስለዚህም በመንገድ ዳር፣ በገበያና በቤታችን ደጃፍ የርዳታ ጥሪ ስንሰማ እጃችን ለመስጠት ይፈጥናል። ነገር ግን ጥላ ዘርግቶ፣ ሥዕለ አድኅኖ ይዞ፣ በድምፅ ማጉያ «ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ» የሚል ሁሉ በእውነት የተላከ አይደለም። አንዳንዱ የቅዱሳንን ስም ለግል ጥቅሙ ያውለዋል። በዚህም የሚጎዳው የተታለለው ሰው ብቻ አይደለም። ጣሪያው የሚያፈስበትና መቀደሻ ንዋያት ያጣው የገጠር አጥቢያ መልእክተኛውን ሲልክ፣ ቀድሞ የተታለለ ምእመን ፊቱን ያዞርበታል።

በቅድሚያ ሁለት ነገሮችን መለየት ይገባል። ስለ ራሱ ረኃብ የሚለምን ነዳይ ከእኛ የሚጠበቅበት ማስረጃ የለም፤ ችግሩ በፊታችን ነው፣ የሰጠነውም በእጁ ይቀራል። በሌላው ስም የሚጠይቅ ግን አደራ ተቀባይ ነው። ማን እንደላከው፣ የተቀበለውንም ለማን እንደሚያስረክብ ሊያስረዳ ይገባል። የርዳታ ማሰባሰብ ሥርዓት ሁሉ የተመሠረተው በዚህ ልዩነት ላይ ነው።

ይህ ሥርዓት ለቅዱሳት መጻሕፍት እንግዳ አይደለም። በንጉሡ በኢዮአስ ዘመን ለቤተ መቅደሱ ማደሻ የሚሰበሰበው ገንዘብ ሥራው ላይ ሳይውል ዓመታት አለፉ። ከዚያም ካህኑ ዮዳሄ ሣጥን አምጥቶ መክደኛውን ነደለና በመሠዊያው አጠገብ አኖረው። ገንዘቡ ሲበዛ የንጉሡ ጸሐፊና ሊቀ ካህናቱ በአንድነት ሆነው ይቆጥሩት፣ ለሠራተኞቹም ይሰጡት ነበር (2ኛ ነገ. 12፥4-12)። ቅዱስ ጳውሎስም በኢየሩሳሌም ላሉት ችግረኞች ርዳታ ሲያሰባስብ ብቻውን አልያዘውም። ምእመናኑ ራሳቸው የመረጧቸው ሰዎች ደብዳቤ ይዘው እንዲያደርሱት አዘዘ (1ኛ ቆሮ. 16፥1-4)። ቲቶንም ሲልክ በአብያተ ክርስቲያናት የተመረጠ ወንድም ጨመረለት፤ ምክንያቱም ሐዋርያው በእግዚአብሔር ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት ከነቀፋ መራቅን ይሻ ነበር (2ኛ ቆሮ. 8፥18-21)። ሐዋርያው ቁጥጥርን እንደ ስድብ አልቆጠረም፤ ለአገልግሎቱ ጥበቃ አደረገው እንጂ።

ይህን መሰል ጥንቃቄ በመንግሥት ሕግ በዝርዝር ከተደነገገባቸው አገሮች አንዷ፣ ምእመናኖቻችንም የሚኖሩባት ብሪታንያ ናት። በእንግሊዝና በዌልስ እ.ኤ.አ. በ1939 የወጣው ሕግ ከቤት ወደ ቤት እየዞረ ለበጎ አድራጎት ገንዘብ የሚሰበስብ አካል ፈቃድ እንዲያወጣ ያዝዛል። ሰብሳቢው የምስክር ወረቀትና መታወቂያ ምልክት ይይዛል፤ ገንዘቡንም የሚቀበለው በታሸገ ሣጥን ወይም በደረሰኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የበጎ አድራጎት ሕግ ደግሞ ተከፍሎት የሚሰበስብ ሰው ክፍያ እንዳለው ለሰጪው እንዲገልጥ ያስገድዳል። የርዳታ አሰባሰብን የሚከታተል ራሱን የቻለ ተቆጣጣሪ አካልም እ.ኤ.አ. በ2016 ሥራ ጀምሯል። ለጎዳና ሰብሳቢዎች ወጥቶ ለዓመታት ሲሠራበት የቆየው ደንብ አላፊ አግዳሚውን ከሦስት እርምጃ በላይ መከተልን ይከለክል ነበር። መስጠት በፈቃድ እንጂ በግፊት መሆን የለበትምና።

በአገራችን የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የሃይማኖት ተቋማትን አይመለከትም። በመሆኑም ቤተ ክርስቲያን በራሷ ሥርዓት ላይ ያለባት ኃላፊነት ይከብዳል። በ1965 ዓ.ም በብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ ዘመነ ፕትርክና የወጣው ቃለ ዓዋዲ ካህናትና ምእመናን በሰበካ ጉባኤ አማካይነት የአጥቢያቸውን አስተዳደርና ንብረት በጋራ እንዲመሩ መንገድ ከፍቷል። በአጥቢያ ስም የሚደረግ ልመናም ከዚህ ጉባኤ ዕውቅና ውጭ ሊሆን አይገባም።

እንግዲህ ምእመናን በቤተ ክርስቲያን ስም ሲጠየቁ አራት ነገሮችን ቢያስተውሉ መልካም ነው። አንደኛ፣ የላከው አጥቢያ የት እንደሚገኝና በየትኛው ሀገረ ስብከት ሥር እንዳለ በትሕትና ይጠይቁ። ሁለተኛ፣ ቀኑና ዓላማው የተገለጠበት፣ ማኅተም ያለበት የፈቃድ ደብዳቤ መኖሩን ይመልከቱ። ሦስተኛ፣ ተከታታይ ቁጥር ያለው ደረሰኝ ይቀበሉ፤ በባንክ የሚያስገቡም ከሆነ ሒሳቡ በግለሰብ ሳይሆን በአጥቢያው ስም መከፈቱን ያረጋግጡ። አራተኛ፣ ከተጠራጠሩ ሰውየውን በአደባባይ ከማዋረድ ይልቅ በአቅራቢያው ላለው ሰበካ ጉባኤ ወይም ሀገረ ስብከት ያሳውቁ። በእውነት የተላከ አገልጋይ ጥያቄው አያስከፋውም፤ ይልቁንም ያስከብረዋል።

የላከው አጥቢያም ድርሻ አለበት። ምን ያህል እንደተሰበሰበና በምን ላይ እንደዋለ ለሰጡት ሊነግራቸው ይገባል። የሰጠው ገንዘብ ጣሪያ ሆኖ፣ ግድግዳ ሆኖ መቆሙን የሰማ ምእመን ዳግመኛ ለመስጠት ይተጋል።

ከሁሉ በላይ የአስመሳዮች መብዛት ልባችንን እንዳያደነድነው እንጠንቀቅ። ኪሱን ይዞ የተሰጠውን ይሰርቅ የነበረ ይሁዳ በሐዋርያት መካከል መገኘቱ (ዮሐ. 12፥6) ሐዋርያት ለድሆች ከማሰብ አላገዳቸውም። ማስተዋል እጃችንን የምንሰበስብበት ሰበብ ሳይሆን ምጽዋታችንን ወደ ተገቢው ስፍራ የምናደርስበት መንገድ ነው።

በማስተዋል ሰጥተን በረከቱን እንድንቀበል የእግዚአብሔር ቸርነት አይለየን፤ አሜን።