ያገለገለ የፊልም ካሜራ ስለ መግዛትና ስለ መጠቀም

ከንግድ ዕቃዎች መካከል አንዳንዶቹ በአዲስነታቸው ብቻ ይፈለጋሉ፤ ሌሎቹ ግን ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፉ ክብራቸውን ሳያጡ ይኖራሉ። በፊልም የሚሠራው የፎቶግራፍ ማንሻ ካሜራ ከእነዚህ ከኋለኞቹ ወገን ነው። ስለዚህ ዕቃ ጥቂት ለመጻፍ ያሰብሁት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ካሜራው ለባለቤቱ የሚሰጠው ደስታ ከሌላው ሸቀጥ የተለየ ነው። ሁለተኛም፣ ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ ሁሉ ከዚህ ከትንሽ መሣሪያ ሊማረው የሚገባ ቁም ነገር አለ።

የካሜራው አመጣጥ

35 ሚሊሜትር ስፋት ባለው ፊልም የሚሠራው ትንሹ ካሜራ እንዲስፋፋ ያደረገው በጀርመን አገር፣ በቬትስላር ከተማ፣ በላይትስ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ኦስካር ባርናክ ነው። እርሱ የጀመረው ሥራ ፍሬ አፍርቶ ላይካ የተባለው ካሜራ እ.ኤ.አ. በ1925 በላይፕሲግ የንግድ ትርኢት ላይ ለሕዝብ ቀረበ። ሌሎች አገሮችም ይህንኑ አርአያ በመከተል እ.ኤ.አ. በ1934 በካርኮቭ ከተማ ፌድ የተባለውን፣ እ.ኤ.አ. በ1948 ደግሞ በሞስኮ አጠገብ በክራስኖጎርስክ ዞርኪ የተባለውን መሥራት ጀመሩ። ጃፓኖችም እ.ኤ.አ. በ1959 ኒኮን ኤፍ የተባለውን ካሜራ ለገበያ ባቀረቡ ጊዜ የባለሙያዎችን ልብ ወደ ራሳቸው ሳቡ።

ከዚያ በኋላ ፊልም የማይሻው የዲጂታል ካሜራ መጣና ገበያውን ወሰደው። የፊልም ንጉሥ ይባል የነበረው የኮዳክ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በጥር 2012 ከዕዳ ጠያቂዎቹ የሕግ ከለላ ለመጠየቅ ተገደደ፤ ኒኮንም የመጨረሻውን የፊልም ካሜራውን፣ ኤፍ 6 የተባለውን፣ እ.ኤ.አ. በ2020 መሸጥ አቆመ። ይሁን እንጂ የፊልም ወዳጆች አልጠፉም። ኮዳክ በአሜሪካ፣ ኢልፎርድም በእንግሊዝ ፊልም ማምረታቸውን ቀጥለዋል፤ ላይካም ጥቂት አዲስ የፊልም ካሜራዎችን ይሠራል፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ ፔንታክስ 17 የተባለ አዲስ ካሜራ ወጥቷል። ነገር ግን ከነዚህ ከጥቂቶቹ በቀር ዛሬ የፊልም ካሜራ ልግዛ የሚል ሰው የሚያገኘው ሌላ ሰው የተጠቀመበትን ነው። እንግዲህ በዚህ ንግድ ውስጥ ያገለገለው ዕቃ የአዲሱ ምትክ ሳይሆን ዋናው ዕቃ ራሱ ነው ማለት ይቻላል።

ደስታው ከምን እንደ ሆነ

ይህን ካሜራ በእጁ ይዞ የማያውቅ ሰው “በስልኬ ሺህ ፎቶግራፍ በነጻ እያነሣሁ ለአሮጌ ዕቃ ገንዘብ የማወጣ ለምንድን ነው?” ብሎ ቢጠይቅ ትክክለኛ ጥያቄ ጠይቋል። መልሱ ግን በቁጥሩ ላይ ነው። አንድ ጥቅል ፊልም የሚይዘው 36 ፎቶግራፍ ብቻ ስለ ሆነ፣ ባለ ካሜራው እያንዳንዱን ከማንሣቱ በፊት ያስባል፤ ብርሃኑን ይመለከታል፤ የሚያነሣውንም ሰው ፊት በእርግጥ ያያል። ፊልሙ እስኪታጠብ ድረስ ምን እንደ ወጣ ስለማያውቅም መጠበቅን ይማራል። ከዚህም ሌላ የብረቱ ክብደት፣ የፊልም ማዞሪያው ልስላሴ፣ የሻተሩም ድምፅ ለእጅና ለጆሮ ደስ የሚያሰኙ ነገሮች ናቸው።

ብርሃን የመለካቱም ነገር እንደሚፈራው አይደለም። ፀሐይ በጠራ ሰማይ ላይ ስትወጣ የብርሃን መግቢያውን ቀዳዳ በ16 ቁጥር ላይ፣ የሻተሩን ፍጥነት ደግሞ ለፊልሙ ቁጥር በሚቀርበው ላይ ማድረግ ይበቃል። ይኸውም የፊልሙ ቁጥር 125 ከሆነ ፍጥነቱ የሴኮንድ 125ኛ ክፍል፣ 400 ከሆነ የሴኮንድ 500ኛ ክፍል ይሆናል። እንደ አገራችን ፀሐይ ለማይነፈግበት አገር ይህ ደንብ እጅግ የተመቸ ነው።

የደረሰብኝ ነገር

የመጀመሪያ ካሜራዬ ዞርኪ 4 ነበረ። የገዛሁት ስሙን ከማልጠቅሰው አንድ ሱቅ ነው። ሻጩ ካሜራውን በጨርቅ ወልውሎ “እንደ አዲስ ነው” ብሎ ሰጠኝ፤ እኔም ከውጭ ውበቱ በቀር አንዳች ሳልመረምር ዋጋውን ከፍዬ ወጣሁ። በዚያው ሰሞን እናቴ ፋሲካን ከእኛ ጋር ልታከብር ከገጠር መጥታ ነበርና፣ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን ተከናንባ በደጅ በተቀመጠች ጊዜ አንድ ሙሉ ጥቅል ፊልም አነሣኋት። ፊልሙ ታጥቦ ሲታተም ግን በ36ቱም ፎቶግራፎች ላይ፣ በአንድ ቦታ፣ ነጫጭ ነጠብጣብ ታየ፤ በብዙዎቹም ላይ ነጠብጣቡ ያረፈው በፊቷ ላይ ነበረ። በሚቀጥለው ዓመት ፋሲካ ሲደርስ እናቴ በሕይወት አልነበረችም።

ወደ ሱቁ ተመልሼ ፎቶግራፎቹን ባሳየሁት ጊዜ ሻጩ “አሮጌ ዕቃ እንዲህ ነው” ከማለት በቀር ሌላ መልስ አልሰጠኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደጁን አልረገጥሁም።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ካሜራውን በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ካሜራ ለሚጠግኑና ለሚሸጡ አንድ ሽማግሌ ወሰድሁት። እርሳቸውም ሌንሱን ፈትተው፣ የኋላውን ክዳን ከፍተው፣ ካሜራውን ወደ መስኮቱ አቀኑና አሳዩኝ። ጥቁሩ የሻተር መጋረጃ እንደ ሌሊት ሰማይ በጥቃቅን ብርሃኖች ተበስቶ ነበረ።

“ልጄ፣ ይህ የፀሐይ ሥራ ነው” አሉኝ። “እንዲህ ያለው ካሜራ ሌንሱ ሳይከደን ፀሐይ ፊት ከተቀመጠ፣ ሌንሱ ጨረሩን ሰብስቦ ጨርቁን ያቃጥለዋል።”

“ይህን ለማወቅ ብዙ ጊዜ ይፈጃል፣ አባባ?” ብዬ ጠየቅኋቸው።

“አንተም እንዳየኸው ነው፤ ግማሽ ደቂቃ” ብለው መለሱልኝ።

ቀዳዳዎቹንም በስስ ጥቁር ቀለም ደፈኑልኝ። ከጥቂት ወራት በኋላ ከእኒሁ ሽማግሌ ፔንታክስ ኬ 1000 የተባለ ካሜራ ለመግዛት ሄድሁ። ይህ ካሜራ እ.ኤ.አ. ከ1976 እስከ 1997 የተሠራ፣ ያለ ባትሪ የሚተኩስ፣ ባትሪ የሚያስፈልገው ለብርሃን መለኪያው ብቻ የሆነ ጠንካራ ዕቃ ነው። ሽማግሌው ገና ዋጋ ሳልጠይቃቸው “የብርሃን መለኪያው አይሠራም፤ ሌላው ሁሉ ደህና ነው። ስለዚህ ሲሶውን ቀንሼልሃለሁ” አሉኝ። ያለ መለኪያ እንዴት እሠራለሁ ብላቸው ከላይ የጻፍሁትን የፀሐይ ደንብ ያስተማሩኝ እርሳቸው ናቸው። ካሜራው እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ። ከዚያ ወዲህ ፊልም ሆነ የካሜራ ማንገቻ ከሌላ ሰው አልገዛሁም፤ ወዳጆቼንም አንድ በአንድ ወደ እርሳቸው ወሰድኋቸው። የመጀመሪያው ሻጭ አንድ ካሜራ ሸጠ፤ ሁለተኛው ግን ደንበኛ አተረፉ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል መባሉ በንግድ ቤትም የሚሠራ ነው።

ገዢና ሻጭ ሊመረምሩት የሚገባ

እንግዲህ እኔ ሳልመረምር ያጠፋሁትን ሌላው እንዳያጠፋ፣ መታየት ያለባቸውን ነገሮች በአጭሩ እገልጻለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ የሻተሩ መጋረጃ በብርሃን ፊት ይታይ። ቀጥሎም ፍጥነቶቹ ሁሉ በየተራ ይሞከሩ፤ በተለይ አንድ ሴኮንድ የሚለው ፍጥነት ካለው፣ ጆሮን አስጠግቶ ቢያዳምጡት ዘይቱ የደረቀ ካሜራ ሲጎተት ወይም መካከል ላይ ሲቆም ይታወቃል። በዞርኪና በፌድ ካሜራዎች ላይ ግን ፍጥነቱን መለወጥ የሚገባው ማዞሪያውን ካዞሩ በኋላ ነው፤ አስቀድሞ የለወጠ ሰው መሣሪያውን ሊሰብረው ይችላል።

ሁለተኛ፣ በሌንሱ ውስጥ የእጅ ባትሪ አብርቶ መመልከት ነው። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነገር ከታየ ሻጋታ ነው፤ እንደ ጉም የሚያደበዝዝ ነገርም ቢኖር ፎቶግራፉን ያፈዝዘዋል። በመስተዋቱ ላይ ያለች አንዲት ቀጭን ጭረት ግን ብዙውን ጊዜ የምትታይ ጉዳት አታመጣም፤ ስለዚህ ገዢው በጭረት ደንግጦ ሻጋታውን እንዳያልፈው ይጠንቀቅ። የብርሃን መግቢያው ስስ ብረቶችም ዘይት የነካቸው እንዳይሆኑ መታየት አለባቸው።

ሦስተኛ፣ በኋላ ክዳኑ ዙሪያ ብርሃን እንዳይገባ የተለጠፈው ስፖንጅ በዕድሜ ብዛት እንደ ዝፍት ሊሟሟ ይችላል። ይህ በትንሽ ወጪ ስለሚለወጥ ለዋጋ መቀነሻ እንጂ ለመጣያ ምክንያት አይሆንም። የባትሪ ድንጋይ ማስገቢያውም ዝገት እንዳይኖረው ይከፈት። የቀድሞ ካሜራዎች አንዳንዶቹ የሚሠሩት 1.35 ቮልት በሚሰጥ የሜርኩሪ ድንጋይ ነበረ፤ ይህም መርዛማ በመሆኑ ከገበያ ወጥቷል። በምትኩ የሚገባው 1.5 ቮልት ያለው ድንጋይ ብርሃኑን አሳስቶ ሊለካ ስለሚችል፣ ሻጩ ይህን ለገዢው መንገር ይገባዋል።

ለአስመጪዎችና ለባለ ሱቆች

ዕቃውን ከውጭ አገር የሚያስመጣ ነጋዴ በሁለት ነገር ይጠንቀቅ። አንደኛው የሐሰት ላይካ ነው። ብዙ ፌድና ዞርኪ ካሜራዎች የላይካ ስም ተቀርጾባቸው፣ አንዳንዶቹም በወርቃማ ቀለም ተለብጠው ይሸጣሉ። ሌንሱ ሲፈታ ከውስጥ በኩል ከላይ የሚታየው ርቀት የሚለካው ክንድ ጫፉ በእውነተኛው ላይካ የምትሽከረከር ክብ ጎማ መሰል ብረት ስትሆን፣ በፌድና በዞርኪ ግን የማይሽከረከር ድፍን ብረት ነው። ሁለተኛው የፊልም አጫጫን ነው። ያልታጠበ ፊልም በአውሮፕላን ማረፊያ የራጅ መፈተሻ፣ ይልቁንም በአዲሶቹ የሲቲ መፈተሻዎች ውስጥ ሲያልፍ ሊበላሽ ይችላል፤ ስለዚህ ተጓዡ ፊልሙን በእጁ ይዞ በእጅ እንዲፈተሽለት መጠየቅ ይበጀዋል።

በኤሌክትሪክ ብቻ የሚሠሩ ትንንሽ የኪስ ካሜራዎች ዋጋቸው በእነዚህ ዓመታት ቢወደድም፣ የውስጥ ሰሌዳቸው አንድ ጊዜ ከተቃጠለ ብዙውን ጊዜ መለዋወጫ አይገኝላቸውም። በጥርስና በሞላ የሚሠራውን ካሜራ ግን ብልህ ጠጋኝ ሊያድነው ይችላል።

በሱቁ ውስጥ ለሚሸጠው ደግሞ የጃፓን ነጋዴዎች ልማድ ጥሩ ምሳሌ ነው። በቶክዮ ከተማ፣ በሺንጁኩና በጊንዛ ሰፈሮች፣ ያገለገለ ካሜራ የሚሸጡ የታወቁ ሱቆች አሉ። በዚያ አገር በካሜራው ላይ በሚንጠለጠለው ካርድ ዋጋው ብቻ ሳይሆን ደረጃውና ጉድለቱም፣ ሻጋታ ቢሆን ጉም፣ ተለይቶ መጻፉ የተለመደ ነው። ገዢው ጉድለቱን አንብቦ፣ አስቦ፣ ዋጋውም ከጉድለቱ ጋር የተመዛዘነ መሆኑን አይቶ ይገዛል። የእኛም ባለ ሱቆች ይህን ቢያደርጉ ወጪያቸው አንዲት ቁራጭ ወረቀት ብቻ ናት። በዚህ ላይ ገዢው አንድ ጥቅል ፊልም አንሥቶና አሳጥቦ እስኪሞክር ድረስ የመመለሻ ቀን በደረሰኙ ላይ ቢጽፉለት፣ በሁለቱ መካከል ክርክር የሚነሣበት ምክንያት አይኖርም።

ጉድለቱ የተነገረለት ዕቃ ዋጋው ይቀንሳል እንጂ ዋጋ አያጣም። ጉድለቱ የተደበቀ ዕቃ ግን ከገዢው የሚወስደው ገንዘቡን ብቻ አይደለም። የእናቴ ፎቶግራፍ ከነነጠብጣቡ ዛሬም በግድግዳዬ ላይ ተሰቅሏል፤ ሌላ ስለሌለኝ ነው። ስለዚህ ነጋዴ ወገኖቻችን ካሜራ ከመሸጣቸው በፊት ክዳኑን ከፍተው፣ ወደ መስኮት አቅንተው፣ ግማሽ ደቂቃ ያህል እንዲመለከቱ፣ ያዩትንም ለገዢው እንዲነግሩ በትሕትና እናሳስባለን።