«እሺ» ስንል ምን ማለታችን ነው?

አምበር ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ የአነደድ ወረዳ ከተማ ናት። አካባቢዋ ጤፍና ስንዴ አብቃይ ስለሆነ ክረምት ሲቃረብ የገበሬው ሐሳብ ሁሉ ማዳበሪያ ላይ ነው። ለዛሬው ትምህርታችን እንዲረዳን፣ በዚያ አገር በሚገኝ አንድ የኅብረት ሥራ ማኅበር መጋዘን የሚከተለው ነገር ደረሰ እንበል።

ኃላፊው ወጣቱን ጸሐፊ ጠርተው፣ «ዩሪያው የሚታደለው ሐሙስ ነው። የሚመጣው ግን ደረሰኝ የያዘ ብቻ ነው፤ ያልከፈለ ካለ ረቡዕ ከፍሎ ይጨርስ ብለህ ለየቀበሌው አስታውቅ» አሉት። ጸሐፊው «እሺ ጌታዬ» ብሎ ወጣ። ይሁን እንጂ በዚያን ጊዜ ልቡ በጀመረው ሒሳብ ላይ ስለነበር ከተነገረው ውስጥ በጆሮው የቀሩት «ዩሪያ» እና «ሐሙስ» የሚሉት ቃላት ብቻ ነበሩ። ያስተላለፈውም እነዚህኑ ነው። ሐሙስ ማለዳ ከሩቅ ቀበሌ አህያቸውን እየነዱ የመጡ ገበሬዎች ደረሰኝ ሲጠየቁ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ባዶ አህያ እየነዱ ተመለሱ። ዝናቡ ደግሞ የእነርሱን መመላለስ አይጠብቅም።

ጥፋቱ የማን ነው? ኃላፊው በግልጽ ተናግረዋል። ጸሐፊውም ቢሆን አልዋሸም፤ «እሺ» ሲል ድምፃቸውን መስማቱን መግለጹ ነበር። እርሳቸው ግን «ተረድቼዋለሁ፤ እፈጽመዋለሁ» ያለ መሰላቸው።

«እሺ» በአማርኛ ብዙ ሥራ ያለባት አጭር ቃል ናት። አንዳንድ ጊዜ «ሰማሁ»፣ አንዳንድ ጊዜ «ተስማማሁ»፣ ሌላ ጊዜ «ይፈጸማል» ማለት ትሆናለች። ወሬ የሚያዳምጥ ሰው «እሺ፣ እሺ» ሲል «ቀጥል» ማለቱ ነው፤ የተሰላቸ ሰው ደግሞ በዚችው ቃል «ይብቃህ» ይላል። ለታላቅ ሰው «አይሆንም» ማለት ነውር ስለሚመስለን፣ የማንፈጽመውን ነገር እንኳ በ«እሺ» የምናሳልፍበት ጊዜ አለ። «ገባችሁ?» ብሎ የጠየቀ መምህር ሁሉ ከመላው ክፍል «አዎ!» የሚል ድምፅ ሰምቶ፣ የፈተናውን ወረቀት ሲያርም ምን እንዳገኘ ያውቃል።

ይህ ጠባይ የእኛ ቃል ብቻ አይደለም። ፈረንጆች «ኦኬ» የሚሉት ቃል ከ«እሺ» ጋር እጅግ ይመሳሰላል። መጋቢት 18 ቀን 1969 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 27 ቀን 1977) በስፔን ግዛት፣ በቴኔሪፍ ደሴት በሚገኘው በሎስ ሮዴኦስ የአውሮፕላን ማረፊያ፣ ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች በአንድ መንደርደሪያ ላይ ነበሩ። አንዱ የሆላንድ ኬ.ኤል.ኤም.፣ ሌላው የአሜሪካ ፓን አሜሪካን አየር መንገድ ንብረት ነበር። ጉም ስለወረደ አንዱ ሌላውን አያይም፤ ተቆጣጣሪውም ሁለቱን አያይም፤ መተማመኛቸው ሬዲዮ ብቻ ነበር። የሆላንዱ ረዳት አብራሪ አውሮፕላናቸው በመነሣት ላይ መሆኑን ተናገረ፤ አነጋገሩ ግን «ለመነሣት ተዘጋጅተናል» ይሁን «እየተነሣን ነው» አይለይም ነበር። ተቆጣጣሪው «ኦኬ» ካለ በኋላ፣ ጥቂት ቆም ብሎ፣ እስኪጠራቸው ድረስ እንዲጠብቁ ነገራቸው። በዚሁ ቅጽበት የፓን አሜሪካን ሰዎች ገና መንገዱን እንዳልለቀቁ በዚያው ሬዲዮ በመናገራቸው ሁለቱ ድምፆች ተጋጩ። በሆላንዱ አውሮፕላን ውስጥ ጥርት ብላ የተሰማችው «ኦኬ» ብቻ ነበረች።

አውሮፕላኑ መንደርደር ከጀመረ በኋላ የበረራ መሐንዲሱ ያኛው አውሮፕላን ከመንገዱ አልወጣ ይሆን እንዴ ሲል ጠየቀ። ዋናው አብራሪ በመሥሪያ ቤቱ የተከበረ አሠልጣኝ ነበር፤ ወጥቷል ብሎ ቆርጦ መለሰ። መሐንዲሱ ጥያቄውን አልደገመም። ሁለቱ አውሮፕላኖች ተጋጭተው 583 ሰዎች ሞቱ።

ከዚያ አደጋ በኋላ በበረራ ሥራ የአነጋገር ደንብ እጅግ ጠበቀ። መነሣትን የሚያመለክተው የእንግሊዝኛ ቃል ፈቃዱ ሲሰጥ ወይም ሲሰረዝ ካልሆነ በቀር እንዳይነገር ተደረገ። ፈቃድ የተቀበለ አብራሪም «ኦኬ» በማለት ፈንታ የተነገረውን ራሱን ደግሞ ያሰማል። ረዳቶች ሥጋታቸውን በግልጽ እንዲናገሩ፣ አለቆችም እንዲያዳምጡ ሥልጠና ይሰጣቸዋል።

ወደ አምበሩ መጋዘን እንመለስ። ጸሐፊው፣ «ጌታዬ፣ እንዳልሳሳት ልድገመው፤ ያልከፈለ ረቡዕ ይከፍላል፤ ሐሙስ ደረሰኝ የያዘ ብቻ ይመጣል» ብሎ ቢሆን ኖሮ የጎደለው ነገር እዚያው ይገለጥ ነበር። ይህን ለመናገር ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

ከዚህ የሚከብደው አለቃን ማረም ነው። ዩሪያውን የጫነው መኪና ከደብረ ማርቆስ እንዳልተነሣ ጸሐፊው ያውቃል እንበል። «መኪናው ሐሙስ ይደርስ ይሆን?» ቢል ኃላፊው እንደ ተራ ጥያቄ ቆጥረው «ይደርሳል» ብለው ያልፉታል። ልክ እንደ መሐንዲሱ መሆኑ ነው። ነገር ግን፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ መኪናው ከደብረ ማርቆስ አልተነሣም፤ ለገበሬው ከመንገራችን በፊት ብንደውልስ?» ሊል ይችላል። በዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አክብሮቱ የት እንዳለ ልብ በሉ። «ያድርጉልኝ» በሚለው ግሥ መድረሻና «ብንደውልስ» በሚለው አነጋገር ውስጥ ነው። እውነቱ ደግሞ «አልተነሣም» በሚለው ግሥ ላይ ሳይሸፈን ቆሟል። ጎጃም የቅኔ አገር እንደመሆኑ ሰምና ወርቅ በዚያ ትልቅ ክብር አለው፤ ስለ ማዳበሪያ የሚነገር መልእክት ግን ሰሙም ወርቁም አንድ ሊሆን ይገባዋል።

በጽሑፍ ሲሆን ጥንቃቄው ይበረታል፤ ፊደላችን መጥበቅንና መላላትን አያሳይምና። በመጋዘኑ በር ላይ፣ «ገበሬው ማዳበሪያውን ከመረከቡ በፊት ደረሰኝ ይሰጣል» የሚል ማስታወቂያ ተለጠፈ እንበል። «ይሰጣል» በሚለው ቃል «ሰ» እና «ጣ» ቢላሉ ደረሰኝ ሰጪው ገበሬው ነው፤ ቢጠብቁ ግን ደረሰኙን የሚሰጠው መጋዘኑ ነው። ስናነበው ድምፃችን ይለየዋል፤ ወረቀቱ አይለየውም። «ገበሬው ደረሰኙን ለመጋዘን ጠባቂው ያስረክባል» ቢባል ግን ለሁለት ትርጉም ቦታ የለውም።

አሁን በደብተራችሁ ላይ ኃላፊው የተናገሩትን መልእክት በማስታወቂያ መልክ ጻፉ። ከጻፋችሁም በኋላ ለጎረቤታችሁ ስጡት፤ ጽሑፉን ሳያይ ምን፣ መቼና በምን ሁኔታ እንደሚፈጸም በራሱ ቃል ይንገራችሁ፤ «እሺ» ብሎ ቢመልስላችሁ ግን አትቀበሉት።