ዋይፋይ ኮሊንግ፦ ኔትወርክ በማይደርስበት ቤት

በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በአሌክሳንድሪያ፣ ብዙ አበሻ የአሜሪካ ኑሮውን የሚጀምረው ቤዝመንት ተከራይቶ ነው። ኪራዩ ረከስ ይላል፤ ስልክ ግን አይሠራም። ግንቡና አፈሩ ከማማው የሚመጣውን ሞገድ ይውጡታል። ሥራ የሚፈልግ ሰው ከቀጣሪው የሚመጣለት ጥሪ ያመልጠዋል። ሌላው በጥር ብርድ ካፖርት ደርቦ ደጅ ደረጃው ላይ ቆሞ ከእናቱ ጋር ያወራል። መፍትሔው ግን ኪሱ ውስጥ ነው፤ የስልኩን ሴቲንግ ከፍቶ ዋይፋይ ኮሊንግ የሚለውን ማብራት ብቻ ነው። የሚጫን አፕ የለውም፣ አሜሪካ ውስጥ ለአሜሪካ ቁጥር ለሚደረግ ጥሪም ትልልቆቹ ኩባንያዎች ተጨማሪ ገንዘብ አይጠይቁበትም። ይህን የመሰለ አገልግሎት ስንቱ ስልክ ውስጥ ጠፍቶ እንደተቀመጠ ሳይ ያሳዝነኛል።

ነገሩ ባጭሩ፣ የተለመደው የስልክ ጥሪ በማማው ፈንታ በቤቱ ዋይፋይ በኩል ወጥቶ ወደ ስልክ ኩባንያው ይደርሳል። ቁጥሩ ያው ቁጥር ነው፣ አደዋወሉም ያው ነው፣ ጽሑፍ መልእክትም ይመጣል፣ ይላካል። ከዋትሳፕ፣ ከቴሌግራምና ከኢሞ ጥሪ ጋር የሚያምታቱት ብዙ ናቸው። እነዚያ አፖች የሚያገናኙት ያንኑ አፕ የጫኑ ሰዎችን ነው፤ የስልክ ኩባንያውም በመሃሉ የለበትም። በዋይፋይ ኮሊንግ የሚደውል ሰው ግን የሐኪም ቤት ቀጠሮ መያዝ፣ ባንክ መደወል፣ አያት ቤት ያለውን የመስመር ስልክ ማንጫረር ይችላል። ተቀባዩ ጥሪው በየት በኩል እንደመጣ አያውቅም፤ ማወቅም አያስፈልገውም።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እንግሊዝ ውስጥ ብሪቲሽ ቴሌኮም በ2005 እ.ኤ.አ. የሞባይል ጥሪን ቤት ውስጥ ወዳለ መስመር የሚያዞር አገልግሎት ጀምሮ ነበር፤ መጀመሪያ የተጠቀመውም በብሉቱዝ ነው። አሜሪካ ውስጥ ቲ ሞባይል በ2007 በመላ አገሪቱ በዋይፋይ ሲጀምር የሚሠራው በሁለት የስልክ ሞዴሎች ብቻ ነበር፤ አንዱ ኖኪያ 6086፣ ሌላው ሳምሰንግ ቲ409። ለዓመታት የጥቂት ሰዎች ነገር ሆኖ ቆየ። መስከረም 2014 አይፎን በአይኦኤስ 8 ሲቀበለው ግን ነገሩ ተለወጠ፤ በቀጣዩ ዓመት ኤቲ ኤንድ ቲም ቬራይዘንም ከፈቱት። እንግዲህ ካደገ አሥር ዓመት ያለፈው ነገር ነው።

ደኅንነቱን የሚጠራጠሩ አሉ። «የካፌ ዋይፋይ ላይ ብደውል ሰው ይሰማኛል» ይላሉ። ስልኩ ከዋይፋዩ ጋር እንደተገናኘ መጀመሪያ የሚያደርገው የኩባንያውን መግቢያ በር በኢንተርኔት ላይ ፈልጎ ማግኘት ነው። ከዚያ ሲም ካርዱ ማማ ላይ ማንነቱን በሚያስመሰክርበት በዚያው ምስጢራዊ ቁልፍ ራሱን ያስመዘግባል፤ ከዚያም በኋላ የሚያልፈው ሁሉ በምስጢር ኮድ ተጠቅልሎ ነው የሚያልፈው። የካፌው ባለቤት የሚያየው የተመሰቃቀለ ቁጥር ብቻ ነው። አንዳንድ መሥሪያ ቤት ዋይፋዩ እየሠራ ጥሪው እምቢ የሚለውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ የመሥሪያ ቤቱ ፋየርዎል ያንን የተጠቀለለ መስመር ዘግቶታል ማለት ነው። ስልክዎ አልተበላሸም፤ የኮምፒውተር ክፍሉን ይጠይቁ።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ጉዳይ ልግባ። በዋይፋይ ሲደውል ድምፁ የተቆራረጠበት ሰው ከሁለት ነገር አንዱን ይላል። ወይ «የአገር ቤት ኔትወርክ ነው» ይላል፤ ወይ የፍጥነት መለኪያ ከፍቶ 300 ሜጋቢት የሚል ቁጥር እያሳየ «ይኸው፣ የእኔ ኢንተርኔት ፈጣን ነው» ይላል። የአገር ቤቱ ኔትወርክ የሚቆራረጥበት ጊዜ መኖሩን የሚክድ የለም። ነገር ግን ሳይመረመር ሁልጊዜ እሱ ሲወቀስ እሰማለሁ፤ የፍጥነት ቁጥሩ ደግሞ ለዚህ ጉዳይ ምንም አይመሰክርም።

የሰው ድምፅ እጅግ ቀላል ጭነት ነው። ስልኩ ንግግራችንን በየ20 ሚሊ ሰከንዱ ይቆርጠዋል፤ በሰከንድ 50 ቁራጭ መሆኑ ነው። ዛሬ በብዙ ስልኮች በሚሠራበት የድምፅ አጨማመቅ እያንዳንዱ ቁራጭ ከ32 ባይት ብዙም አይበልጥም። አድራሻው፣ ተራ ቁጥሩና የምስጢር መጠቅለያው ሲጨመሩበት መጠቅለያው ከድምፁ ይበዛል፤ ያም ሆኖ ሁሉም ተደምሮ በአንድ አቅጣጫ በሰከንድ ከ100 ኪሎቢት አያልፍም። ከዚያ ከ300 ሜጋቢት ላይ አንድ ሦስት ሺህኛው ማለት ነው። ለአንድ ሰዓት ቢያወሩ በሁለቱም አቅጣጫ ከ100 ሜጋባይት በታች ነው የሚበላው።

ድምፅ አጥብቆ የሚፈልገው ቁራጮቹ በሰዓታቸው መድረሳቸውን ነው። ፊልም ስናይ መሣሪያው የሚቀጥለውን አስቀድሞ ሰብስቦ ስለሚያስቀምጥ መዘግየቱ አይታወቀንም። ሰው ገና ያልተናገረውን ግን አስቀድሞ መሰብሰብ አይቻልም። ስልኩ የዘገዩትን ለጥቂት አሥር ሚሊ ሰከንዶች ይጠብቃል፤ ከዚያ በኋላ የመጣውን ይጥለዋል። ስለዚህ የዘገየ ድምፅና የጠፋ ድምፅ እኩል ናቸው። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ከተናጋሪው አፍ እስከ ሰሚው ጆሮ ያለው መዘግየት ከ150 ሚሊ ሰከንድ ባይበልጥ ይመክራል፤ ከዚያ ካለፈ ሰዎች ሳይፈልጉ እርስ በርስ ንግግር መነጣጠቅ ይጀምራሉ።

ይህችን 150 ሚሊ ሰከንድ ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ስንደውል እንቁጠራት። ርቀቱ በቀጥታ 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ብርሃን በመስታወት ክር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ ለቀጥታው መንገድ ብቻ ወደ 60 ሚሊ ሰከንድ ይሄዳል። ገመዱ ደግሞ በቀጥታ አይሄድም፤ ባሕር ለባሕር ይዞራል፣ እኛም የባሕር በር ስለሌለን በጅቡቲና በሌሎች ጎረቤቶች በኩል ነው የሚገባው። ስለዚህ ግማሹ፣ አንዳንዴም ከግማሽ በላይ የሚሆነው፣ ማንም ሳያጠፋ መንገድ ላይ ያልቃል። በተረፈችው ላይ የገዛ ቤታችን ራውተር ሌላ 200 ቢጨምርባት ጥሪው ተበላሸ። ራውተሩ ደግሞ 200 ብቻ ጨምሮ ቢተው በወደድኩ!

የቤተ ክርስቲያናችን አንዲት እናት በጥሪ ካርድ ደብረ ብርሃን ላለች እህታቸው ይደውላሉ። ካርዱ የሚጠራው የአሜሪካ ቁጥር ስለሆነ ከቤዝመንታቸው በዋይፋይ ኮሊንግ ያለችግር ይወጣል። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤታቸው ሄጄ አቤቱታቸውን ሰማሁ። «ልጄ፣ ደብረ ብርሃን ኔትወርክ የሚባል ነገር ጠፋ እንዴ? እኔ እህቴን ጥርት አድርጌ እሰማታለሁ፤ እሷ ግን ተቆራረጥሽብኝ እያለች ትጮሃለች።»

«እማማ፣ እርስዎ ጥርት አድርገው ከሰሟት ከዚያ የሚመጣው መስመር ደኅና ነው። የተበላሸው ከእርስዎ የሚወጣው ነው። ከላይ ፎቅ ማን አለ?» አልኳቸው።

የልጅ ልጃቸው ነበር፤ የክርስትና ቪዲዮ፣ ሙሉውን፣ ወደ ዩቲዩብ እየጫነ። እንዲያቆመው ለመንነው። እህትየዋ ወዲያው፣ «ውይ፣ አሁን ጆሮዬ ሥር ነሽ!» አለች።

ይህን ምልክት ልብ ይበሉልኝ። «እኔ እሰማለሁ፣ እነሱ አይሰሙኝም» የሚል ሰው ብዙውን ጊዜ ችግሩ ከቤቱ ወደ ውጭ በሚሄደው መስመር ላይ ነው። በብዙ ቤት ያ መስመር ወደ ቤት ከሚገባው መስመር በጣም ይጠብባል። ቪዲዮ ሲጫን ራውተሩ መላክ ያልቻለውን ሁሉ ወረፋ ያስይዘዋል፤ አምራቾቹም ምንም ነገር እንዳይጠፋ ብለው ወረፋ ማስያዣውን አስፍተውታል። መውጫው በሰከንድ 5 ሜጋቢት ቢሆንና ወረፋው ላይ 1 ሜጋባይት ቢከማች፣ ያ እስኪወጣ 1.6 ሰከንድ ይፈጃል። የእማማ ድምፅ አዲስ አበባ፣ መገናኛ ላይ ረጅም የታክሲ ሰልፍ መጨረሻ እንደቆመ ሰው ነው፤ ምንም ቀጭን ቢሆን ከፊቱ ያለው ሁሉ ካልተሳፈረ ተራው አይደርስም። 1.6 ሰከንድ ማለት 1,600 ሚሊ ሰከንድ ነው፤ የተፈቀደልን 150 ነበር። የፍጥነት መለኪያውም ይህን አያሳይም፤ ተለምዶ የሚለካው ሌላ ጭነት በሌለበት ሰዓት ነውና።

ይህን በሽታ ለሕዝብ የገለጠው ጂም ጌቲስ ነው፤ ድረ ገጾች የሚጓጓዙበትን የኤችቲቲፒ 1.1 ደንብ ካዘጋጁት አንዱ። በ2010 ከቤቱ ትልቅ ፋይል ሲልክ ኢንተርኔቱ እየታነቀ ሲያስቸግረው ዝም ብሎ ራውተሩን አጥፍቶ አላበራም፤ ለካ፣ መዘገበ፣ ባለሙያዎችን ጠየቀ፣ ምክንያቱ የወረፋው ርዝመት መሆኑን አገኘ። በ2012 ካትሊን ኒኮልስና ቫን ጃኮብሰን ወረፋው ሲረዝም ሳይሆን ቆይታው ሲበዛ ማቅለል የሚጀምር ዘዴ አቀረቡ። ከዚያ የተወለደው አሠራር እያንዳንዱን ንግግር በየራሱ መስመር አሰልፎ ቀጭኖቹን ያስቀድማል፤ የድምፅ ቁራጭ ከቪዲዮ ክምር ኋላ አይቆምም ማለት ነው። ዛሬ በብዙ ራውተሮች ላይ ስማርት ኪው ወይም ኤስኪውኤም ተብሎ ይገኛል። ሲያበሩት የመላኪያውን ፍጥነት ከእውነተኛው አሥር በመቶ ያህል ዝቅ አድርገው ይስጡት፤ ወረፋው ቁጥጥር በሌለው ሞደም ውስጥ ሳይሆን ራውተሩ ውስጥ እንዲሆን። ይህ የሌለው ራውተር ካለዎት ደግሞ እያወሩ ሳለ የፎቶ መጫኛውን ማቆም ይበቃል። ተጨማሪ ሜጋቢት መግዛት ግን የመጀመሪያው መፍትሔ አይደለም፤ ስንቱ ጎረቤቴ በየወሩ የማይጠቀምበትን ፍጥነት እየከፈለበት ነው።

ራውተሩን ቁም ሳጥን ውስጥ ወይም ከቴሌቪዥን ጀርባ የሚደብቁ ሰዎችንም አንድ ነገር ልበላቸው። መልኩ አያምርም ተብሎ የሚደበቅ ዕቃ አይደለም፤ ሞገዱ እስከ ቤዝመንቱ እንዲደርስ ሜዳ ላይ፣ ከፍ ብሎ ይቀመጥ። ከማይክሮዌቭ ምድጃ ይራቅ፤ ምድጃው የሚሠራበት 2.45 ጊጋኸርዝ ከዋይፋዩ 2.4 ጊጋኸርዝ ጋር ይጋጫል። ሲቻል ስልኩን በ5 ጊጋኸርዙ ያገናኙት።

መልካም ሲሠራ የድምፁ ጥራት ራሱ ደስ ያሰኛል። የድሮው ስልክ ከ3,400 ኸርዝ በላይ ያለውን ድምፅ ይቆርጠዋል። የ«ሰ» እና የ«ፈ» መለያቸው በአብዛኛው ከዚያ በላይ ነው ያለው፤ ለዚህ ነው በድሮው ስልክ ስም ስናስመዘግብ ሰሎሞን የሚለው ስንት ጊዜ የሚደገመው። አዲሱ አጨማመቅ እስከ 7,000 ኸርዝ ያደርሳል፤ ሰውየው አጠገብ የተቀመጠ ያህል ይሰማል። ይህ የሚሆነው ግን በሁለቱም ጫፍ ያሉት ስልኮችና በመሃል ያሉት ኩባንያዎች ሁሉ ሲደግፉት ነው፤ ወደ አገር ቤት ሲደወል ብዙውን ጊዜ ወደ ድሮው ይመለሳል።

አንድ ነገር ላይ እቆጣለሁ። አሜሪካ ውስጥ አገልግሎቱን ሲያበሩ ስልኩ የአደጋ ጊዜ አድራሻ ይጠይቃል። ማማ ላይ ያለ ስልክ የት አካባቢ እንዳለ ለማወቅ ማማው ይረዳል፤ በዋይፋይ የወጣ ጥሪ ግን ያ ምልክት ላይኖረው ስለሚችል፣ 911 ሲደወል የተመዘገበው አድራሻ ነው ሊያገለግል የሚችለው። ሰው ግን የጓደኛውን አድራሻ ይሞላል፣ ወይም ሦስት ጊዜ ቤት ቀይሮ የመጀመሪያውን እንደተወው ይኖራል። ቤት በቀየሩ ቀን ይቀይሩት። ሕፃንና አረጋዊ ያለበት ቤት ደግሞ ዛሬውኑ ይታይ።

ለገና ወይም ለጥምቀት አዲስ አበባ ለሚወርድ ሰው ዋይፋይ ኮሊንግ ሌላ ጥቅም አለው። የአሜሪካ ሲሙ ከዘመድ ቤት ዋይፋይ ጋር ሲገናኝ ባንኩ የሚልከው የምስጢር ቁጥር ባለበት ይደርሰዋል። አንዳንድ ኩባንያዎች ከዚያ ወደ አሜሪካ ቁጥር የሚደረገውን ጥሪ እዚያው አሜሪካ እንደተደወለ ይቆጥሩታል፤ ከመነሳትዎ በፊት የእርስዎን ኩባንያ ይጠይቁ። አዲስ አበባ ተቀምጦ ለአዲስ አበባ ቁጥር መደወል ግን ዓለም አቀፍ ጥሪ ሆኖ ሊያስከፍል ስለሚችል፣ ለዚያ የአገር ቤት ሲም ያውጡ። የዋይፋዩ ኃይል ሲቀንስ ደግሞ ስልኩ ሳያስታውቅ ወደ ሮሚንግ ሊሻገር ይችላል፤ ሂሳቡ የሚታየው ሲመለሱ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ኤርፕሌን ሞድ ያብሩ፣ ከዚያ ዋይፋዩን ብቻ መልሰው ይክፈቱ፣ ስልኩ አናት ላይ የኩባንያው ስም ከዋይፋይ ጋር አብሮ መታየቱን አይተው ይደውሉ።