ደብዳቤዎቹ የት ገቡ?

በ1993 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ኢንዲያና ግዛት ገጠር ውስጥ ወደሚገኝ አንድ ቤት ደብዳቤ መድረሱን አቆመ። ቢል ይላካል፣ አይደርስም። ባልና ሚስቱ ሌባ ገብቶብናል ብለው ፖስታ ሣጥን ተከራዩ፤ ደብዳቤው ከዚያም ይጠፋ ጀመር። ብዙም ሳይቆይ የባሰው ተሰማ፦ አንድ ሰው በስማቸው እየተበደረ ዕዳውን ለእነሱ ይተውላቸው ነበር። ልጃቸው አክስተን ቤትዝ-ሃሚልተን ያኔ 11 ዓመቷ ነበር።

ለፖሊስ ማመልከቱም ብዙ አልፈየደም። በሌላ ሰው ማንነት መበደር በአሜሪካ ራሱን የቻለ የፌዴራል ወንጀል የሆነው በ1998 ነው። ከዚያ በፊት ተበዳይ ተብሎ የሚታየው በአብዛኛው ገንዘቡን ያበደረው ድርጅት እንጂ ስሙ የተነገደበት ሰው አልነበረም። ስለዚህ ቤተሰቡ ራሱ መርማሪ ሆነ። ጎረቤቱም፣ ዘመዱም፣ ወዳጁም በየተራ ተጠረጠረ። መጋረጃው ተዘጋ፣ ጠያቂ ቀረ። በጥርጣሬው ሁሉ ፊት ፊት የምትሄደው እናትየዋ ነበረች፤ የቤቱን ሒሳብ የምትይዘውም እሷው።

ሌባው አልተገኘም። አክስተን አድጋ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ገባች። በ2001፣ በ19 ዓመቷ፣ ቤት ተከራይታ መብራት ልታስገባ ስትል ኩባንያው መያዣ ካላስያዝሽ አላት፤ ክሬዲትሽ ተበላሽቷል ተባለች። ነገሩ ግራ ገባት። ተበድራ የማታውቅ ልጅ ክሬዲቷ በምን ይበላሻል? የክሬዲት መዝገቧ እንዲላክላት ጠየቀችና ፖስታው መጣ።

ከውስጡ 10 ገጽ ወጣ። ያላወጣቻቸው ክሬዲት ካርዶች፣ ያልተከፈሉ ዕዳዎች፣ ዕዳ ሰብሳቢዎች። ከ300 እስከ 850 በሚሄደው መለኪያ ነጥቧ 380 ነበር። አሜሪካ የሚኖር ሀበሻ ይህ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም፤ እንዲህ ባለ ክሬዲት ቤት መከራየትም መኪና መግዛትም ፈተና ነው። የልጅ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ደግሞ ለሌባ ይመቻል፤ ልጁ አድጎ በራሱ ስም ብድር ወይም ቤት እስኪጠይቅ መዝገቡን ገልጦ የሚያይ የለም።

አክስተን ሌባው የቤተሰቡ አባል ነው ብላ አላሰበችም፤ የወላጆቿ ሌባ እሷንም አገኛት ስትል ደመደመች። ዕዳው የእኔ አይደለም እያለች ለዓመታት ተከራከረች፤ ተስፋ ቆርጣ ከመተው ይልቅ የደረሰባትን ነገር ትምህርቷ አደረገችው። በኢዮዋ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬቷ የመረጠችው ርዕስ በልጆች ላይ የሚፈጸም የማንነት ስርቆት ነበር። እናቷም ከጎኗ ሆና ታበረታታት ነበር።

እናት በ2013 መጀመሪያ ላይ በደም ካንሰር ሞተች። ከቀብሩ ብዙም ሳይቆይ የአክስተን ስልክ ጮኸ። አባቷ ነበር፤ ተቆጥቷል። የሟችን ወረቀቶች ሲያገላብጥ በአክስተን ስም የወጣ፣ ከተፈቀደለት ጣሪያ ያለፈ የ2001 የክሬዲት ካርድ ሒሳብ አግኝቷል። ይህን ሁሉ ዕዳ ምን ብትሆኚ ነው የገባሽበት ነበር ጥያቄው።

አክስተን ካርዱን አወቀችው። ከ10ሩ ገጽ ላይ ካነበበቻቸው የሐሰት ሒሳቦች አንዱ ነው። ጥያቄው ሌላ ሆነ፦ ሌባው ብቻ ሊይዘው የሚችል ወረቀት ከእናቷ ዕቃ ውስጥ ምን ያደርጋል?

ከዚያ በኋላ መልሱ ራሱን ገለጠ። ፖስታውን ታነሣ የነበረችው፣ በባሏና በልጇ ስም የተበደረችው፣ በአክስተን አያት ስም ሳይቀር የተጠቀመችው እናት ነበረች። አክስተን ታሪኩን በ2019 በመጽሐፍ አወጣችው፤ በማግሥቱ ዓመት የኤድጋር ሽልማትን በእውነተኛ ወንጀል ዘርፍ አስገኘላት። ገንዘቡ ምን ላይ እንደዋለ ግን ሟች ይዛው ሄዳለች።

እንዲህ ያለውን ዕዳ ለማሰረዝ የሚረዳው ዋናው ሰነድ ለሕግ አካል የሚቀርብ የማንነት ስርቆት አቤቱታ ነው። ተበዳሪው እናት ወይም አጎት ሲሆን ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቆማል፤ ዘመድን ከመክሰስ ዕዳውን ከፍሎ ዝም ማለት ይቀላል። ከ2018 ወዲህ ወላጅ የትንሽ ልጁን የክሬዲት መዝገብ ያለ ክፍያ ማሳገድ ይችላል። ጥያቄውን የሚያቀርበው ግን ያው ወላጅ ነው፤ ልጁ በራሱ ማሳገድ የሚችለው 16 ዓመት ሲሞላው ነው።