በወርዋሪው እጅ የማይፈነዳው ሚልስ ቦምብ
ሙያዬ ቶርኖ ስለሆነ፣ ለሁለት ተሰንጥቆ ለእይታ የቀረበ የእንግሊዞች ሚልስ ቦምብ ሳይ ዓይኔ የሄደው በቀጥታ ወደ ሞላው ነው። የጦር መሣሪያ አልወድም። ይህን የሠራው ሰው ግን ስለ ወርዋሪው እጅ አብዝቶ እንደተጨነቀ ያስታውቃል።

መጨነቁም ምክንያት ነበረው። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር እንግሊዞች የያዙት የእጅ ቦምብ ረጅም እጀታ ያለው፣ ሲጋጭ የሚፈነዳ ነበር። ወታደሩ በጠባብ ምሽግ ውስጥ ሊወረውር ክንዱን ወደ ኋላ ሲስብ ቦምቡ የምሽጉን ግድግዳ ከነካ እሱም ጓዶቹም አለቀላቸው። በጋሊፖሊ ደግሞ በባዶ የማርማላታ ጣሳ ፈንጂና ቁርጥራጭ ብረት እየጠቀጠቁ ይዋጉ ነበር።

በበርሚንግሃም የአሉሚኒየም ማቅለጫ የነበረው፣ የጎልፍ ዱላ ሳይቀር ያመርት የነበረው ዊልያም ሚልስ እ.ኤ.አ. በ1915 መፍትሔውን አቀረበ። መነሻው የቤልጅጉ ሻምበል ሌዮን ሮላንድ ንድፍ ስለነበር በኋላ በፓተንቱ ተካሰዋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው፦ መሐሉ ላይ በሞላ የተወጠረ መቺ አለ። መቺውን የጎኑ ማንሻ አፍኖ ይይዘዋል፤ ማንሻውን ደግሞ ባለቀለበቱ ፒን። ፒኑ ቢነቀል እንኳ ወታደሩ ማንሻውን ከቦምቡ ጋር ጨብጦ እስከያዘ ድረስ አይፈነዳም። ከእጁ ሲወጣ ማንሻው ይፈናጠራል፣ ሞላው ይለቀቃል፣ መቺው ካፕሱሉን ይመታል፣ ፊውዙም መንደድ ይጀምራል።

በላዩ ላይ የተቦረቦሩት መስመሮች ብረቱ በልኩ እንዲበጣጠስ የተሠሩ ይመስሉን ነበር። ሚልስ ግን ያበጃቸው እጅ እንዳያንሸራትት ነው። ብረቱ የሚበጣጠሰው እንዳገኘ ነው፤ ፍንጣሪው ቦምቡ ከተወረወረበት ርቀት አልፎ ስለሚሄድ ወርዋሪው ራሱ መከለል አለበት። እዚያ ማዶ ላለው ሰው ማንም እንዳልተጨነቀ ሳስብ ለሙያው ያለኝ አድናቆት ይቀዘቅዝብኛል።

ለሜሶፖታሚያ ሙቀትና እርጥበት በሼላክ የታሸገ 36ኤም የሚባል ዓይነት ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1940 በፈረንሳይ ጦርነት የ7 ሰከንዱ ፊውዝ ለመሸሽ፣ አልፎም አንስቶ መልሶ ለመወርወር ጊዜ ሲሰጥ ታየና ወደ 4 ሰከንድ ወረደ። በጠቅላላው ከ75 ሚሊዮን በላይ ተመርቷል። እንግሊዝ እስከ 1972 ተጠቀመችበት፤ የህንድ ጦር ግን በአዲስ ቦምብ መተካት የጀመረው በ2021 ነው።