ጎረቤቱ ዜሮ ሲሆን

ይህን በወላጆች ስብሰባ ላይ የሚነግራችሁ የለም። በእስራኤል፣ አፉላ መሀል ከተማ ከሰዓት በኋላ ልጆችን የቤት ሥራ የምናሠራ ሰዎች ግን እርስ በርሳችን የምናወራው ይህንኑ ነው፦ ቁጥር ቁልቁል ደርድሮ ሲቀንስ የሚሳሳት ልጅ ብዙ ጊዜ ሰነፍ አይደለም።

ከ403 ላይ 158 ቀንስ ትሉታላችሁ፤ 355 ብሎ ይጽፋል። «ቸኩሎ ነው» ይላል አባት። አልቸኮለም። በየቤቱ ትንሹን ከትልቁ ቀንሷል፦ 3ን ከ8፣ 0ን ከ5፣ 1ን ከ4። ሕግ አለው፤ ሕጉ ነው የተሳሳተው። ጆን ሲሊ ብራውን እና ሪቻርድ በርተን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1978 ያሳዩት ይህንኑ ነበር፤ የተማሪዎች የመቀነስ ስሕተት ብዙ ጊዜ የራሱ ሥርዓት አለው። ስለዚህ የለመደ አስጠኚ ቀይ እስክሪብቶ ከማንሳቱ በፊት «እስቲ እንዴት እንደሠራኸው ንገረኝ» ይላል።

ዋናው ፈተና ዜሮው ነው። ከጎረቤት ተበደር ሲባል ልጁ ወደ አስር ቤት ይሄዳል፤ ባዶ ነው። እዚያ ላይ ይደነግጣል። መድኃኒቱ ደግሞ ቦርሳችሁ ውስጥ አለ። አራት የ100 ሼቅል ኖትና ሦስት የ1 ሼቅል ሳንቲም ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡና 158 ክፈል በሉት። አይበቃውም። አንዱን መቶ በአሥር ባለ10 ሳንቲም ይዘርዝር፤ ከአሥሩ አንዱን ደግሞ በአሥር ባለ1። አሁን በእጁ 3 መቶ፣ 9 አስርና 13 አንድ አለ። ከፍሎ ሲጨርስ 245 ይቀረዋል። 4ቱ ለምን 3፣ ዜሮው ለምን 9 እንደሆነ በጣቱ ነክቶ አይቷል። ደብተሩን ከዚያ በኋላ ክፈቱለት።

«ዕብራይስጡ ስለማይገባኝ ልረዳው አልችልም» የሚሉ እናቶች ብዙ ናቸው፤ ይህን ስሰማ በጣም ያሳዝነኛል። የጽሑፍ ጥያቄዎች ላይ እውነታቸውን ነው። ቁልቁል የተደረደረ ቁጥር ግን ጎንደርም አፉላም አንድ ነው፤ ከቀኝ፣ ከአንድ ቤት ይጀመራል። መምህሯ «ፕሪታ» የምትለው ይኸው መዘርዘሩ ነው። በዘመቻ ሰለሞን እ.ኤ.አ. በ1991 ወደ እስራኤል የመጣች፣ ፊደል ያልቆጠረች አያትም ብር መዘርዘር ታውቃለች፤ ልጁ አጠገብ ትቀመጥ።

ዛሬ ማታ ደብተሩ ላይ 355 ካያችሁ አትቆጡት። መልሱን ከ158 ጋር ይደምረው፤ 403 አለመምጣቱን ራሱ ያገኘዋል።